ጋምቤላን ያጠኑ ሊቃውንትና የጥናታቸው መነሻ ነጥብ

የባሮ ወንዝ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋዎች ውኃ ሰብስቦ በጠባብ ሸለቆ እየተንደረደረ ከወረደ በኋላ ጋምቤላ ከተማ ሲደርስ ይረጋና ወደ ሰፊው ሜዳ ይገባል። ከዚያም ወደ ምዕራብ ፈስሶ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት የሚል ስም ይዞ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በክረምት ከካርቱም የሚመጣ የእንፋሎት መርከብ ይሸከም የነበረው ይኸው ወንዝ በበጋ አሸዋው እስኪታይ ድረስ ይጎድላል። እንዲህ ያለውን ወንዝ ለማጥናት የሚነሣ መሐንዲስ አስቀድሞ የሚያደርገው ባለ ቁጥር የመለኪያ ዘንግ በወንዙ ዳር መትከል ነው። ይሁን እንጂ ዘንጉ ብቻውን የሚናገረው ነገር የለም። የተተከለበት ስፍራ፣ ዜሮው የተነሣበት የማመሳከሪያ ነጥብ፣ ንባቡ የተወሰደበት ወርና ሰዓት፣ የአንባቢውም ማንነት አብሮ ካልተመዘገበ በቀር ቁጥሩ ለዲዛይን አይታመንም።

ይህ ደንብ ለውኃ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ስለ ጋምቤላ ሕዝቦች ማለትም ስለ አኙዋ፣ ስለ ኑዌር፣ ስለ መዠንግር፣ ስለ ኦፖና ስለ ኮሞ በሥነ ሰብእ፣ በታሪክና በሥነ ልሳን ዘርፍ ባለፉት መቶ ዓመታት ብዙ ተጽፏል። ከጸሐፊዎቹም መካከል አንዳንዶቹ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው «ይህን ዕውቀት ያገኘነው የት ቆመን ነው?» ብለው ራሳቸውን መርምረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የነዚህን ሊቃውንት ሥራ በአጭሩ ማስታወስና ምርመራቸው በዚያው ምድር ድልድይ፣ ግድብና መንገድ ለሚሠራው ባለሙያ ምን እንደሚያስተምር ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጠቀሱት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» በሚል ምልክት ተለይተዋል።

ወንዙና የወሰኑ መሥመር

ስለ ጋምቤላ በጽሑፍ ከቀሩት ቀደምት ጥናቶች አንዳንዶቹን ያካሄዱት መሐንዲሶች መሆናቸው ለዚህ መጽሔት አንባቢ ሊያስደንቅ ይችላል። በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መግቢያ ላይ የብሪታንያ መንግሥት በሱዳንና በኢትዮጵያ መካከል ያለውን አገር እንዲያነሡ የላካቸው ሻለቃ ኦስቲንና ሻለቃ ግዊን ሁለቱም የብሪታንያ ጦር ሠራዊት የመሐንዲስ ክፍል መኮንኖች ነበሩ። የነርሱን የዳሰሳ ሥራ ተከትሎ እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902 በዐፄ ምኒልክና በብሪታንያ መንግሥት መካከል አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ውል በዚህ አካባቢ ወሰኑን ከሞላ ጎደል በባሮ፣ በፒቦርና በአኮቦ ወንዞች ላይ አስኬደው።

ለካርታ ሠሪ ወንዝ ምቹ ወሰን ነው፤ ከሩቅ ይታያል፣ ምልክት መትከልም አያስፈልገውም። ለአኙዋ ግን ወንዝ የመንደሩ መካከል ነው እንጂ ዳርቻው አይደለም፤ የሚያርሰውም የሚያጠምደውም በሁለቱም ዳር ነው። ከብቱን በክረምት ወደ ከፍታ፣ በበጋ ወደ ወንዝ የሚነዳው ኑዌርም መሥመሩን በየዓመቱ መሻገሩ አልቀረም። በዚህ ምክንያት ከዚያ ወዲህ የተነሡ አጥኚዎች ሁሉ አንድ ሕዝብ በሁለት መንግሥት መዝገብ ተከፍሎ ነው ያገኙት።

በዚያው ውል አራተኛ አንቀጽ ዐፄ ምኒልክ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል በውሉ ተደንግጎ ነበር። ጣቢያው በመጨረሻ የጸናው በጋምቤላ ሲሆን የዛሬዋ ከተማ የተወለደችውም ከዚያ ነው።

በጠመንጃ መካከል የተካሄደ ጥናት

በሥነ ሰብእ ጥናት ስማቸው የገነነው እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ አኙዋ አገር መጥተው ለአጭር ጊዜ ከቆዩ በኋላ የሕዝቡን የፖለቲካ ሥርዓት የሚገልጽ መጽሐፍ በ1940 አሳተሙ። በዚሁ ዓመት የወጣውና ይበልጥ የታወቀው ሌላው መጽሐፋቸው ስለ ኑዌር ነው። የኑዌሩን መጽሐፍ የሚከፍቱት በመከራቸው ነው፤ በመንግሥት ጥያቄ መምጣታቸውን፣ ሕዝቡ ገና ከቅጣት ዘመቻ ያልረሳው ቁስል እንደነበረው፣ ሰዎቹ ጥያቄያቸውን በጥያቄ እየመለሱ እንዳስቸገሯቸው፣ በአገሩ የቆዩበትም ጊዜ ሁሉ ተደምሮ አንድ ዓመት ያህል ብቻ እንደነበረ በግልጽ አስቀምጠዋል። ይህ መግቢያ ዛሬም የሥነ ሰብእ ተማሪ ሁሉ የሚያነበው ነው።

የአኙዋው መጽሐፍ ርእስ ሕዝቡን «የአንግሎ ግብፅ ሱዳን አኙዋ» ብሎ ይጠራዋል። አብዛኛው የአኙዋ ሕዝብ የሚኖረው ግን ከወሰኑ በዚህ ወገን በኢትዮጵያ ነበር። የአጥኚው መቆሚያ ስፍራ ገና በርእሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው። በመጽሐፉ ከተገለጹት ነገሮች ጥልቁ የመንደር አለቃ ሥልጣን ነው። አለቃው ሕዝቡን የሚገዛው በግብዣና በስጦታ ሲሆን፣ ልግስናው ሲቀንስ መንደርተኛው ተነሥቶ ከዚያው ዘር ሌላ ሰው ይተካበታል። በምሥራቁ ክፍል ደግሞ መሳፍንት አሉ፤ የሹመታቸው ምልክት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ የዶቃ ሐብል ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በሊቃውንት ታሪክ ውስጥ ብዙ ምሳሌ የለውም። ጣልያን ኢትዮጵያን ይዞ በነበረበትና የሁለተኛው ዓለም ጦርነት በተቀጣጠለበት ወቅት፣ መጽሐፉ በታተመበት በ1940 እና በተከታዩ ዓመት፣ ኢቫንስ ፕሪቻርድ የአኙዋ ተዋጊዎችን እየመሩ በአኮቦና በጊላ ወንዞች አካባቢ ጣልያንን ወጉ። ትናንት በመጠይቅ ያጠኑትን የአመራር ሥርዓት አሁን በራሳቸው ነፍስ ፈተኑት። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ስለ አኙዋ የፖለቲካ ሥርዓት ተጨማሪ ምልከታዎች የያዘ ጽሑፍ በሱዳን መጽሔት ላይ አወጡ፤ የዘመቻውን ታሪክ ግን ለሕዝብ ያቀረቡት በሞቱበት ዓመት በ1973 በአንድ የጦር መጽሔት ላይ ነው። ይህን ጽሑፍ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጋር አስተያይቶ የሚያነብ ሰው የመንደሩ አለቃና የጦሩ አለቃ በአንድ ሚዛን ይመዘኑ እንደነበር ይገነዘባል፤ ሁለቱም ተከታይ የሚያገኙት ትእዛዝ በመስጠት አይደለም።

አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ክሊፎርድ ጊርትዝ በ1988 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ የጦር ሜዳ ትዝታ አንሥተው የኢቫንስ ፕሪቻርድን አጻጻፍ መርምረዋል። ጽሑፉ ከመስተዋት እንደሚወረወር ሥዕል ጥርት ብሎ የሚታይ ነው፤ ጥርትነቱ ራሱ ግን ብዙ ነገር ጥያቄ እንዳይነሣበት ያደርጋል የሚል ነው አስተያየታቸው። ንጹሕ ንድፍ የሚወድ መሐንዲስም ይህን ማስጠንቀቂያ ሊዘነጋው አይገባም። በወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ የተሠመረ መሥመር በመሬት ላይ ቀጥ ማለቱን አያረጋግጥም።

ከደን ጥናት ወደ ትችት

በጋምቤላ ምሥራቃዊ ደን ውስጥ የሚኖሩትን መዠንግሮች ያጠኑት አሜሪካዊው ጃክ ስታውደር ናቸው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በመካከላቸው ኖረው ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1971 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል። መጽሐፉ ደን መንጥሮ አርሶ ቦታ የሚቀይረውን ገበሬ፣ በዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅለውን ንብ አርቢ፣ እንደ ጠብና እንደ ወዳጅነት ሁኔታ በየጥቂት ዓመቱ የሚሰበሰበውንና የሚበተነውን መንደር በትዕግሥት ይዘረዝራል። አንባቢው ሲጨርስ አንድ የተስተካከለ ሥርዓት በዐይኑ ፊት ይቆማል።

ይሁንና ስታውደር በዚያ አላበቁም። በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የተማሩበትን የብሪታንያ የሥነ ሰብእ ትምህርት ራሱን ወቀሱ። እንደ እርሳቸው አስተያየት ኅብረተሰብን እንደ ሚዛኑን ጠባቂ አካል የሚያየው ትምህርት ያደገው የቅኝ ግዛት አስተዳደር በአገሬው አለቆች አማካይነት ለመግዛት በሚሻበት ዘመን ነው፤ ገንዘቡም ጥያቄውም የመጣው ከዚያው ወገን ነው። ኢትዮጵያ ቅኝ ግዛት ባትሆንም ትምህርቱ ወደ መዠንግር ደን የደረሰው ያንኑ መነጽር እንደያዘ ነው። ሁለቱን ጽሑፎች አንድ ላይ ያነበበ ሰው የስታውደር የመስክ ዝርዝር በትችቱ ምክንያት ዋጋ እንዳላጣ ያያል፤ ይልቁንም የትኛው ክፍል መረጃ፣ የትኛው ክፍል የመነጽሩ ቀለም እንደሆነ ለመለየት ቀለለ።

የወደቡ መዝገብ

የጋምቤላን የንግድ ታሪክ በሰፊው ያጠኑት ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ናቸው። በ1976 እ.ኤ.አ. ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ከ1898 እስከ 1935 በምዕራባዊው ጠረፍ የነበረውን የኢትዮጵያና የሱዳን ግንኙነት የሚመለከት ሲሆን፣ በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ ደግሞ ከ1904 እስከ 1935 የነበረውን የጋምቤላ ንግድ ገምግመዋል። ከደጋው ቡና እየወረደ፣ ጨውና የጥጥ ልብስ ከታች እየመጣ፣ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መጋዘን ሠርተው፣ ጎሬና ሳዮ በዚሁ ንግድ እየደረጁ የሄዱበት ዘመን ነው። መርከብ መሄድ የሚችለው ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ስለነበር፣ የደጋው ገበሬ ቡናውን ለቅሞ፣ ቅፍለቱም ጭኖ ቁልቁል የሚወርደው የባሮን መሙላት ጠብቆ ነው።

ታሪክ ጸሐፊው በእጁ የሚያገኘው መዝገብ በአመዛኙ ጣቢያውን ያስተዳደረው የሱዳን መንግሥትና የብሪታንያ ቆንስሎች የጻፉት ነው። ይህ መዝገብ ስለ ጭነቱ ብዛትና ስለ ቀረጡ ብዙ ይናገራል። ጭነቱን በትከሻው ስላወረደው ሰው፣ ጣቢያው ስለተተከለበት መሬት ባለቤት፣ በሌሊት ወንዙን ስለተሻገረው ጠመንጃ ግን የሚናገረው በጥቂቱ ነው፤ የሚናገረውም መንግሥትን ባሳሰበው መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 አዶንጋ ላይ አኙዋዎች የብሪታንያን ጦር በጽኑ የተዋጉት ከኢትዮጵያ በኩል በገባ ጠመንጃ መሆኑ ይታወቃል፤ የቀረልን ዝርዝር ግን ይልቁን ከሟቾቹ መኮንኖች ወገን የተጻፈው ነው።

ፕሮፌሰር ባሕሩ በ2000 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሚያሳትመው መጽሔት ላይ የአንድ ምእተ ዓመት የኢትዮጵያ ታሪክ አጻጻፍን የሚመረምር ጽሑፍ አውጥተዋል። አንድ የታሪክ ሊቅ የሙያ ጓደኞቹንና የራሱን ትውልድ ሥራ እንዲህ በመዝገብ ላይ አውጥቶ መመዘኑ ለማንኛውም የሙያ ማኅበር ምሳሌ የሚሆን ነው። ጋምቤላ ራሷ ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመልሳለች፤ የጣቢያው መዝገብ ግን በካርቱምና በለንደን ስለቀረ የከተማዋን ልጅነት ለማወቅ የሚሻ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ግድ ሆኖበታል።

ስምና ድምፅ

የሥነ ልሳን ሊቃውንት ድርሻ ጸጥ ያለ ቢሆንም ቀላል አይደለም። ጀርመናዊቷ መሕቲልድ ሬ የአኙዋን ቋንቋ ሰዋስው በ1996፣ መዝገበ ቃላቱንም በ1999 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በዚህ ቋንቋ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም ይለውጣል፤ የቃሉ መጨረሻ ተነባቢም በሙያው መሠረት ይለዋወጣል። ይህን ያልሰማ ጆሮ የመንደርና የወንዝ ስም ሲጽፍ ይሳሳታል። በካርታዎቻችን ላይ አንዱ ስፍራ በሦስትና በአራት ዐይነት አጻጻፍ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የሕዝቡ ስም እንኳ ሲጻፍ አንድ ጊዜ አኝዋክ፣ አንድ ጊዜ አኙዋ እየተባለ ቆይቷል።

ሕዝብ ሲሰደድ ጥናቱ ወዴት ይሄዳል?

አንዳንድ ሊቃውንትን ወደ ጋምቤላ ያመጣቸው የሱዳን ጦርነት ነው። ጃፓናዊው ኤይሴይ ኩሪሞቶ በደቡብ ሱዳን ፓሪ የሚባለውን ሕዝብ ሲያጠኑ ቆይተው ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ ጋምቤላ ተሻግረው በቋንቋ ከፓሪ ጋር የሚዛመደውን አኙዋን ማጥናት ጀመሩ። ሲደርሱ ያገኙት የሠፈራ ጣቢያዎች የተስፋፉበትን፣ የስደተኛ መጠለያዎች የበዙበትን አገር ነው። ስለዚህ ጥናታቸው ከቀደሙት የተለየ መልክ ያዘ። የአገሬው ሰው ከመንግሥትና ከመጤው ጋር ያሳለፈውን ታሪክ በ1992 ጻፉ፤ በ1997 ኪዮቶ ላይ በተካሄደው 13ኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤም በጋምቤላ ብሔረሰባዊ ማንነት እንዴት የፖለቲካ ጉዳይ እንደሆነ አቀረቡ።

እንግሊዛዊቷ ዌንዲ ጄምስ ደግሞ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት የኡዱክን ሕዝብ አጥንተው ነበር። ኡዱኮች የዞጲ ዕንጨት ለኩሰው በቅል ውኃ ላይ ይዘው በሚታየው ምልክት የሕመምን ምክንያት የሚያነቡ ጠንቋዮች አሏቸው፤ ይህን የሚተርከው መጽሐፋቸው በ1988 ታተመ። ነገር ግን መጽሐፉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መንደሮቹ ተቃጥለው ሕዝቡ ተሰዶ ነበር። ኡዱኮች ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ኢታንግ ደረሱ፤ በ1991 ኢታንግ ሲበተን ወደ ሱዳን ተመለሱ፤ ዳግመኛም ተሻግረው በመጨረሻ ከጋምቤላ ከተማ በላይ በሚገኘው በቦንጋ መጠለያ ሠፈሩ። ዌንዲ ጄምስ እዚያው ድረስ ተከትለዋቸው የድሮ ወዳጆቻቸውን አገኙ፤ የስደታቸውንም ታሪክ በ2007 በመጽሐፍ አወጡ። አጥኚዋ ቀድሞ የጻፉት መንደር በካርታ ላይ እንኳ ሳይኖር ሲቀር፣ የቀድሞው መጽሐፍ ለራሳቸው ለኡዱኮች የጠፋው አገር መዝገብ ሆነ።

ከደጋ የወረደ ተመራማሪ

እስካሁን ከተጠቀሱት አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ኢትዮጵያዊው ምሁር ደረጀ ፈይሳ የአኙዋንና የኑዌርን ግንኙነት አጥንተው በ2003 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በሃሌ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ፤ መጽሐፋቸውም በ2011 ታተመ። የመጽሐፉ አሳብ እንዲህ ነው፦ ሁለቱ ሕዝቦች ስለ ማንነት ሲወዳደሩ የሚጫወቱት ጨዋታ አንድ አይደለም። አኙዋ ማንነትን ከትውልድና ከመሬት ጋር አጥብቆ ያያይዛል፤ ኑዌር ግን እንግዳውን በጋብቻና በወዳጅነት አስገብቶ የራሱ ያደርጋል። ስለዚህ አንዱ መስፋፋት ብሎ የሚከሰው ነገር ለሌላው ዝምድና ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት ከታሪክ፣ ከመሬቱ ጠባይና ከመንግሥት ሥራ ጋር አብሮ የተሠራ እንጂ በደም የሚወረስ እንዳልሆነም ያስረዳሉ።

ከደጋ የሚወርድ ተመራማሪ በጋምቤላ ገለልተኛ ተመልካች ሆኖ ሊታይ አይችልም። አኙዋ ደገኛውን «ጋላ»፣ ኑዌር ደግሞ «ቡኝ» በሚል የየራሱ ስም ይጠራዋል፤ በእያንዳንዱ ስም ውስጥ የወታደር፣ የነጋዴ፣ የሹምና የሠፋሪ ትዝታ አለ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ብዙ አኙዋዎች ከተገደሉ ወዲህ ደግሞ ማን ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አልሆነም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307,096 ነበር፤ ከዚህም ውስጥ ኑዌር 46 ከመቶ ያህል፣ አኙዋ 21 ከመቶ ያህል ሆኖ ተመዘገበ። የቁጥሩ ድርሻ ከሥልጣን ድርሻ ጋር በተያያዘበት አገር እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ እንደ ዝናም መጠን ሠንጠረዥ አይነበብም።

ለመሐንዲሱ የሚቀርበው ጥያቄ

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱት አውራጃዎች በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ጋምቤላ መጥተው ሠፈሩ። በዚያው ዘመን በአቦቦ አቅራቢያ በአልዌሮ ወንዝ ላይ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ግድብ ተሠራ፤ 10,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ የነበረ ቢሆንም ግድቡ ካለቀ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከታሰበው መሬት አብዛኛው ውኃ አላገኘም። ሰፊው ሜዳ ከደጋ ለሚመለከተው ባለሙያ ባዶ ሆኖ ይታያል። አኙዋ ግን ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ ትቶት የሚሄደውን እርጥብ ደለል የሚዘራበት እርሻ፣ ዓሣ የሚያጠምድበት ኩሬ፣ ያደረ ታሳ መሬትም ነበረው። የጎርፉን ከፍታ የሚቀንስ ግድብ ይህን እርሻም ይነካል። በሃይድሮሎጂ ሠንጠረዥ ላይ ብክነት ተብሎ የሚመዘገበው ጎርፍ በመንደሩ መዝገብ የዘር ወቅት ነው።

የጋምቤላ አጥኚዎች ታሪክ ለመሐንዲሱ የሚያቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ የሜዳ ሪፖርቱ የቆመበትን ነጥብ ይናገራልን? ኢቫንስ ፕሪቻርድ ከኑዌር ጋር የቆዩበትን ጊዜ ማጠር በመጽሐፋቸው መግቢያ ላይ አስፍረዋል። ስታውደር የተማሩበትን ትምህርት ቤት መነጽር ለይተው አሳይተዋል። ዌንዲ ጄምስ የጥናታቸው መንደር ሲጠፋ ሕዝቡን ተከትለዋል። በምሕንድስና ሪፖርት ግን ጥናቱ በበጋ ይሁን በክረምት መካሄዱ፣ የመንደሩን ስም ያስመዘገበው መሪ የየትኛው ቋንቋ ተናጋሪ መሆኑ፣ «ሰው አልባ» የተባለው መሬት በስንተኛው ወር እንደታየ ሳይገለጽ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን መመዝገብ ከአንድ ገጽ በላይ አይፈጅም።

ዛሬ በጋምቤላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ጥናቱን የሚያካሂዱት የአገሬው ልጆችም እየበዙ ናቸው። ከነርሱ አንዱ ነገ የግድቡን ወይም የመንገዱን ታሪክ ሊጽፍ ሲነሣ የሚያገላብጠው ሰነድ የዛሬው መሐንዲስ ሪፖርት ይሆናል። ያን ጊዜ በእጁ የሚገባው ወረቀት ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን የወሰደውን ሰው፣ የወሰደበትን ቀንና የቆመበትን ዳር ይዞ እንዲገኝ ማድረግ የዚህ ማኅበር አባላት ከወዲሁ የሚችሉት ሥራ ነው።